እትዬ ላይ የሳቁበት ጨዋታ

ታላቅ ወንድሜን፣ ወንድም ጋሼን፣ ከቀበርን ዓመት አልሞላንም። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው።

ያንን የቴሌቪዥን የባልና ሚስት ጨዋታ ሁሉም ያውቀዋል። ባል ይወጣል፣ ሚስት ትጠየቃለች፣ መልሳቸው ከገጠመ ይሸለማሉ። ሲጀመር ደህና ነበር፤ ማን ቀድሞ ይነሳል፣ ምን መብላት ይወዳል ይላል። ወንድም ጋሼ አገራችን ራቤል ቤታቸው ሆነው ሲያዩ፣ ሚስት በተጠየቀች ቁጥር፣ "ዝም በሉ፣ እሷ ትናገር!" ይሉን ነበር። ሽምግልና ሲቀመጡም እንዲሁ ነበሩ። በኋላ ጨዋታው መሳለቂያ ሆነ።

ልጆቻቸው አስመዝግበዋቸው ከሚስታቸው ከእትዬ ጋር አዲስ አበባ ሄዱ። አዘጋጁ እትዬን፣ "የባለቤትዎ ስም ማን ነው?" አላቸው። በእኛ አገር ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፣ ነውር ነው።

"እሳቸውን ጠይቃቸው፣ ልጄ" አሉት።

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ዜሮ ተሰጣቸው። ወንድም ጋሼ ተጠርተው ሲገቡ ነገሩን ሰሙና፣ "አክብራኝ ነው! አንተ ስሜን ከፈለግህ መዝገብህን አታይም?" አሉት።

ዘንድሮ "የጨዋታችን ታሪክ" ብለው ያንን ሳቅ ደጋግመው ያሳያሉ። የወንድሜን መልስ ግን ቆርጠው ጥለውታል። ምን ዓይነት ድፍረት ነው? ትናንት እትዬ ከል እንደለበሱ ሲያዩት ልዘጋው ተነሳሁ።

"ተወው" አሉኝ። "ይሳቁብኝ። እሳቸውን ሲራመዱ የማያቸው እዚህ ብቻ ነው።"

እየበገንኩ ተቀመጥኩ። ወንድም ጋሼ ዱላቸውን ይዘው ከአዳራሹ በር ብቅ አሉ። አጠገቤ ያሉት እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ከመቀመጫቸው ተነሱ። ወዲያው ማስታወቂያ ገባ።