ቤቴ ዋና አያውቅም

በ2003 ዓ.ም. ሸለቆአችን በውሃ ሲሞላ አጎቴ ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር። ዘንድሮ አረፉ፤ አላህ ይማራቸው። ሰፈሩ ሁሉ በኦሮምኛ "አዴራ"፣ አጎት፣ ይላቸው ነበር።

ወንዛችን ከሳነቴ ተራራ ወርዶ ሁለት ኮረብታ መሀል ይጠባል። ጠባቡ ላይ ድንጋይና ሸክላ አፈር ቆልለው፣ በማሽን ጠቅጥቀው ለመስኖ ዘጉት። ግድቡን እንደ አጎቴ የተቃወመ የለም። ሮቤ ከተማ፣ መንግሥት ቢሮ ድረስ እየተመላለሱ ተሟገቱ፤ አልሆነም። ዳገቱ ላይ ምትክ መሬት ተሰጠን፤ ሰዉ ግን "አዴራ ካልወጡ አንወጣም" ብሎ ቁጭ አለ። ክረምት ገባ፤ ውሃው የታችኞቹን ቤቶች ደጃፍ ነካ። እሳቸው እልህ ከያዙ የሚያልቁት ሕፃናቱ ነበሩ።

አንድ ቀን ከሰዓት መጥረቢያ ይዘው የገዛ ቤታቸው ጣራ ላይ ወጡ።

"አዴራ፣ ምን ነካዎት? ይወድቃሉ!" አልኳቸው።

"ቤቴ ዋና አያውቅም። ያንተ ይችላል?"

"ትናንት አንወጣም ሲሉን አልነበር?"

"ትናንት ውሃው ሩቅ ነበር። አፍህን ዝጋና ማገሩን ተቀበለኝ!"

ተቀበልኩ። ጎረቤቱም እየሳቀ፣ እያለቀሰም የየራሱን ማፍረስ ጀመረ። ሲመሽ ታች የቀረ ሰው አልነበረም።

መሸነፍን እንደ እሳቸው ያወቀበት ሰው አላየሁም። አሁን የመስኖ ተራ ልንደለድል ስንሰበሰብ ቦታቸው ባዶ ነው፤ ደፍሮ የሚቀመጥበት የለም።

ቤታቸውን ባፈረሱ ማግስት ጠዋት፣ ልብሳቸው ጭቃ እንደሆነ ግድቡ ላይ ወጡና መሐንዲሱን "ቤቴን ወስደሃል፤ ቦዩን መቼ ነው የምታመጣልን?" አሉት።