አገጯን ሽቅብ ያነሳችው ሴት

በዓይን ሐኪም ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠችውን ሴት ገና ሳያት ጠላኋት። ሁላችንም አቀርቅረን ተራ ስንጠብቅ፣ እሷ አገጯን ሽቅብ አንስታ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ቁጭ ብላለች። ሻርፗ እንኳ ጭምድድ አላለም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ መርፌ ላይ ተደፍቼ አንገቴ ጎብጧል። ሐኪሟም ባለፈው ስመጣ፣ «ጨርቁን ከዓይንሽ አርቂው፣ ቀና ብለሽ ሥሪ፤ እንዲህ ተደፍተሽ እኮ ነው ዓይንሽን ያደከምሽው» ብላ ተቆጥታኛለች። ይቺ ግን ለማንም አንገቷን ደፍታ አታውቅም፣ አልኩ በሆዴ። ቅናት አንገበገበኝ።

ባሏ መድኃኒቷን ገዝቶ መጣ። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ሱፉ ተተኩሷል። አጠገቧ ባዶ ቦታ እያለ፣ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ እግሯ ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ጋሼ፣ ወንበር አለ እኮ!» አለው ጥበቃው።

«እዚህ ስሆን ነው የምታየኝ።»

ያኔ ልብ ብዬ አየኋት። የዓይኗ ቆቦች ወደ ታች ወርደው ብሌኖቿን ሊሸፍኑ ምንም አልቀራቸውም። ለካ አገጯን የምታነሳው በቆቦቹ ሥር አጮልቃ ለማየት ኖሯል።

«ዛሬም ጢምህን አልተላጨህም» አለችው፣ ቁልቁል እያየችው፣ ፈገግ ብላ።

ሌላ ሰው ቢሆን ያዝንላት ነበር። እኔ ግን የባሰ ቀናሁ። እኔ ከመርፌዬ ቀና ስል የማየው፣ የባሌን ጀርባ ነው።