እናቴን «አልጾሙም» ያላት ሐኪም

እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። እናቴን የሺወርቅን የሚያውቅ ሰው በሌላ ያማት ይሆናል እንጂ በጾም አያማትም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭና ወለጋ፣ አንገር ጉቲን የሰፈረች ሴት ናት። ወባው ልጆቿን ሲወስድባት፣ አባቴም ሲሞትባት፣ አንድ ሁዳዴ አልገደፈችም። ምላሷ ግን አይጾምም፤ ቄሱንም፣ ሊቀመንበሩንም፣ እኔንም ትሞልጨናለች።

አምና ከሰገራዋ ጋር ደም ይታያት ጀመር። አፍራ ደበቀችኝ። ባወቅኩ ጊዜ ነቀምቴ ወዳለው ቤቴ አምጥቼ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። ትልቁ አንጀቷ በካሜራ ካልታየ ኪንታሮት ይሁን ካንሰር አይታወቅም ተባልን። ካሜራውን የሚያውቀው ዶክተር ጋሩማ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ሊሊሴ የምትባል ነርስ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የሆድ ማጽጃ ዱቄት ሰጠቻትና «አዴ፣ ዋዜማውን ይጹሙ» አለቻት። በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ የለም።

እናቴ ጾመች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ በአፏ አልዞረም። ከዚያ ጎመን በሽሮ በላች፣ ቆሎ ቆረጠመች። ማጽጃውንም ጾሟን እንዳያስገድፋት ስትል አዘግይታ፣ ግማሹን ብቻ ጠጣች። እኔም ያደግኩት በእሷ ጾም ነውና ምንም አልጠረጠርኩም።

በማግስቱ ዶክተሩ ካሜራውን ገና ከማስገባቱ መልሶ አወጣው።

«ሆድዎ ሙሉ ነው፤ ምንም አይታይም» አለ ጓንቱን እያወለቀ። «እማማ፣ አልጾሙም። ለምን ይዋሻሉ?»

እናቴ በክንዷ ተደግፋ ከአልጋው ቀና አለች። «እኔ የሺወርቅ ነኝ ያልጾምኩት? አንተ ልጅ፣ አንተ ሳትወለድ የጾምኩ ነኝ!»

ሊሊሴ ደነገጠች። «አዴ፣ ትናንት ምን በሉ?»

«ምን እበላለሁ፣ የጾም ነዋ! ጎመን፣ ሽሮ፣ ቆሎ።»

«ያ ጎፍታ! ጌታ ሆይ!» ሊሊሴ ጴንጤ ናት፤ ራሷን ያዘች። «እኛ እኮ ስንጾም ምንም አንበላም።»

«እናንተማ በዓመት ስንት ቀን ልትጾሙ! እኔ እንዳንቺ ብጾም ገና ድሮ ተቀብሬ ነበር።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን እርር ድብን አልኩ። አንቱታውን ትቼ «ይቅርታ በላት!» አልኩት ዶክተሩን።

«መመሪያ አለመረዳት የእኛ ጥፋት አይደለም» አለኝ። «ወረፋው ሞልቷል። ከሦስት ወር በኋላ ትምጣ።»

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! ለመንኩት፤ የሚቀጥለውን በሽተኛ አስጠራ።

ሦስት ወር ሙሉ ደሙ አላቋረጠም። እናቴ «ውሸታም ወዳለኝ ሰው አልመለስም» ብላ ምላ ነበር። ሊሊሴ ቤት ድረስ መጥታ፣ እግሯ ላይ ወድቃ ለመነቻት። «ጾም» የሚለውን ቃል እንኳ አልደገመችውም፤ ቀጭን የተጣራ መረቅ፣ ወተት የሌለው ሻይ፣ ውኃ፣ ማጽጃውም እስከ ጠብታው ድረስ አለቻት። እናቴ ግቢው ጥግ ወዳለው ሽንት ቤት ስትመላለስ ጉልበቷ ከዳት። እኔን ተደግፋ፣ ዱቄቱን የፈለሰፈውን ሰው እየረገመች፣ ጨረሰችው።

በሁለተኛው ምርመራ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ታየ። አንድ ዕጢ አንጀቷን ሊዘጋው ተቃርቧል። ዶክተሩ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማማ፣ ትንሽ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ…»

እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ ትክ ብላ አየችው።

«መጥቼ ነበር እኮ ልጄ» አለችው። «የመለስከኝ አንተ ነህ።»