ዓሣዎቹ እንግዳ የተቀበሉ ዕለት

አለቃችን ለስልጠና አዲስ አበባ ሄደው ሲመለሱ ሁለት ነገር ይዘው መጡ፤ ጉንፋንና ሐሳብ። ጉንፋኑ ብዙም ሳይቆይ ለቀቃቸው። ሐሳቡ ግን እኛ ላይ ቀረ።

ባረፉበት ሆቴል መግቢያ ላይ፣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ፣ በአረንጓዴ ተክል መሐል ዓሣ ሲዋኝ አይተዋል። «ቆሜ ስመለከተው ልቤ ርግት አለ» አሉን በስብሰባ ላይ። «የእኛም ባለጉዳይ ወረፋ ሲጠብቅ ልቡ መርጋት አለበት።» ወረፋውን ስለማሳጠር የተናገረ ሰው አልነበረም። ከለሚና ከጣርማ በር ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ የመጣ ሰው፣ ጋቢውን ተከናንቦ አግዳሚ ላይ የሚውልበት ቢሮ ነው የእኛ። ከእንግዲህ ዓሣ እያየ ሊውል ነው።

ከዚያ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«አንቺ የሐዋሳ ልጅ አይደለሽ? ዓሣ ታውቂያለሽ።»

እኔ ዓሣ የማውቀው ተጠብሶ፣ በሚጥሚጣ ነው። ይህንኑ ብናገርም የሰማኝ የለም፤ «ባለሙያ ተገኝቷል» ተብሎ ታለፈ። ደብረ ብርሃን ስመደብ የእቅድ ባለሙያ ነበርኩ፤ ከዚያ ስብሰባ የዓሣ ባለሙያ ሆኜ ወጣሁ።

ገንዳው፣ ዓሣዎቹ፣ ተክሎቹና የውሃ ማጣሪያው ከአዲስ አበባ ተጭነው መጡ። ማጣሪያው ውሃውን ስቦ፣ ቆሻሻውን አስቀርቶ መልሶ የሚገፋ ሞተር ነው። የግዢ ሠራተኛችን የገንዳውን መጠን ሳይጠይቅ፣ «ለመንግሥት ቢሮ ነው፣ ትልቁን ስጡኝ» ብሎ ገዝቶታል። ሶኬት ላይ ስንሰካው ውሃው እንደ ክረምት ጎርፍ ተነሳ። ተክሎቹ ከነሥራቸው ተነቀሉ። ዓሣዎቹ እየተንከባለሉ ሄደው መስታወቱ ጥግ ላይ ተለጠፉ። አለቃችን አጨበጨቡ።

«ይሄ ነው ፍሰት! እንቅስቃሴ ያለበት ቢሮ ማለት ይሄ ነው!»

ተክሎቹን መልሼ ተከልኳቸው፤ እየቆዩ ቢጫ ሆኑ። ምሳ ሰዓቴን በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ችግሩን ፈለግሁ። ተክል ከብርሃን ሌላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሻል ለካ። ውሃ ውስጥ ያለው ደግሞ ጥቂት ነው፤ የውሃው ገጽ እንዲያ ሲናወጥ ያችው ጥቂቷም ወደ አየር ትበናለች። መፍትሔው ፍሰቱን ማለዘብና ጋዙን መጨመር ነበር። አለቃችን ዘንድ ገባሁ።

«ተክሎቹ የተቃጠለ አየር ይፈልጋሉ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «በመንግሥት ቢሮ ውስጥ የተቃጠለ አየር ልትለቂ ነው?»

«በጥቂቱ ነው። ከእርሾና ከስኳር ይሠራል።»

«በጀት ይነካል?»

«የሻይ ክበቡ ስኳር ይበቃናል።»

በጀት እንደማይነካ ሲያረጋግጡ ፈቀዱ። እኔም፣ ከስብሰባ አዳራሻችን የሚወጣውን የተቃጠለ አየር በቱቦ ብንስበው ለወፍ ዋሻ ጫካ በተረፈ ነበር እያልኩ በሆዴ ስቄ ወጣሁ።

እርሾ፣ ስኳርና ለብ ያለ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ቀላቀልኩ። ክዳኑን በስቼ ከመድኃኒት ቤት በገዛሁት የጉሉኮስ ቱቦ ከገንዳው ጋር አገናኘሁት። ምንም የለም። የደብረ ብርሃን ብርድ እንኳን እርሾ፣ ሰውንም ሥራ ያስፈታል። ጠርሙሱን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት፤ ከሰዓት በኋላ ቡልቅ፣ ቡልቅ ማለት ጀመረ። መተላለፊያው ጠላ ጠላ ሸተተ። ከመዝገብ ቤት ሳይቀር እየመጡ «መቼ ነው የሚደርሰው?» ይሉኝ ጀመር።

ቀጥዬ የማጣሪያውን መውጫ ወደ መስታወቱ አዞርኩት፤ አፉ ላይም ስፖንጅ አሰርኩበት። ጎርፉ ቆመ። ውሃው ቀስ እያለ የሚዞር፣ ቅጠሎቹን እንደ ለስላሳ ነፋስ የሚያወዛውዝ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ አዲስ ቅጠል ወጣ፤ ቅጠሎቹ ላይም እንደ ጤዛ ያሉ የአየር ፍንጣቂዎች ያበሩ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ካፖርቴን ሳላወልቅ ገንዳው ፊት የምቆም ሆንኩ። በዚያ ቢሮ በሠራሁበት ዘመን፣ አቅጄው እንዳቀድኩት የሆነ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

ታዲያ ከክልል እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረ። አለቃችን ገንዳውን አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ።

«አረፋው አንሷል።»

«ከበዛ ዓሣዎቹን ያፍናል» አልኳቸው።

«እንግዳ ፊት ማነስ የለም!»

በዕለቱ እኔን አዳራሽ እንዳስተካክል ላኩኝና፣ ጠርሙሱ ውስጥ ስኳርና እርሾ ደርበው ጨመሩ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያቸውንም አጠገቡ አስጠጉት። ማጣሪያው ደግሞ ድምፁ ንግግራቸውን እንዳይረብሽ ብለው ነቀሉት።

እንግዶቹን ተከትዬ ስገባ ዓሣዎቹ በሙሉ ወደ ላይ ወጥተዋል። አፋቸውን ከውሃው ገጽ ላይ አድርገው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

«ተመልከቱ!» አሉ አለቃችን። «እንግዳ ሊቀበሉ ወጥተዋል!»

ጭብጨባ ሆነ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ አላጨበጨቡም።

«ወደ ላይ አፍ መክፈት ሰላምታ ከሆነ፣» አሉ፣ «እኛ እናንተን ሰላም ስንል ነዋ የከረምነው።»

ጭብጨባው ተቋረጠ። እንግዶቹን የመሩት ሴትዮ ወደ ገንዳው ጎንበስ ብለው አዩና፣ «እውነት ሰላምታ ነው?» ብለው ጠየቁ። አለቃችን እኔን አዩኝ። እኔ ዓሣዎቹን አየሁ።

«አይደለም፤ ታፍነው ነው» አልኩ።

መልስ አልጠበቅሁም። ቱቦውን መዘዝኩ፣ ስፖንጁን ፈታሁ፤ ጋዙ ቶሎ እንዲወጣ የማጣሪያውን አፍ ወደ ውሃው ገጽ ቀና አድርጌ ሶኬቱን ሰካሁ። ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ ተነሳ። ውሃው ተወርውሮ የአለቃችንን ሱፍ ከነንግግራቸው ወረቀት አራሰው።

ዓሣዎቹ እስኪያገግሙ እየጠበቅን ሳለ ሴትዮዋ ሽማግሌው አጠገብ ተቀመጡ።

«አባቴ፣ እርስዎስ ምን ገጥሞዎት ነው?»

«የመሬት ደብተሬ ነው። ሁሉ አልቋል፤ ፊርማ ብቻ ቀረው ይሉኛል።»

«የማን ፊርማ?»

ሽማግሌው በአገጫቸው አለቃችንን አመለከቱ። ደብተሩ ከመዝገብ ቤት መጥቶ፣ አለቃችን እጅጌያቸው ውሃ እያንጠባጠበ እዚያው ፈረሙ። ቀለሙ ትንሽ ቢፈስም ሽማግሌው ደብተሩን ጉያቸው ሸጉጠው፣ የአለቃችንን ሐሳብ የሚለውጥ ሳይመጣ በፍጥነት ወጡ። ዓሣዎቹም እየተከታተሉ ወደ ተክሎቹ ወረዱ።

በግምገማው ላይ «ኃላፊን በእንግዳ ፊት ማራስ» የሚል ጉድለት ተገኘብኝ። ዓሣ ማፈን ግን በማንም ላይ አልተገኘም። እኔም አልተከራከርኩም፤ ገንዳውና ጠርሙሱ እንዲቆለፍባቸውና ቁልፉ እንዲሰጠኝ ብቻ ጠየቅሁ፤ ተሰጠኝ።

ሰሞኑን ከሌላ መሥሪያ ቤት ልምድ ለመቅሰም ሰዎች መጡ። ስለ እርሾው፣ ስለ ፍሰቱ፣ ብዙ ጋዝ ስለሚያመጣው ጣጣ አስረዳኋቸው። መሪያቸው በጥሞና ሲያደምጡ ቆይተው እጃቸውን አወጡ።

«ከዚህ የሚተልቅ ማጣሪያ የት ይገኛል?»