ዕቃ ቤት የተደበቀው አለቃ

በሙያዬ ስኮራ ሰው ይታዘበኝ፣ ግድ የለኝም! ሐዋሳ፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የኔትወርክ ባለሙያ ሆኜ ስቀጠር ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ ጣጣ መሥሪያ ቤቱን ሁሉ ያምስ ነበር። የስድስት ወር ሙከራዬ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው የተማሪዎች ምዝገባ ተጀመረ። ኔትወርኩም ምሳ ሰዓት ሲገባና ሲያልቅ ቀጥ ይል ጀመር። ደቂቃ ሳይሞላ ይመለሳል፤ የተሞላው ቅጽ ግን ድራሹ ይጠፋል። ከከተማው ዳር፣ ከቡሹሎ በእግሯ የመጣች ተማሪ ሦስቴ ከመጀመሪያው ስትሞላ አይቼ አፈርኩ። ኃላፊዬ "በሁለት ቀን ካልተስተካከለ ቋሚነቱን እርሺው" አለኝ። ድሮም አልወደደኝም፤ አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ አልኩ በልቤ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስዊች የምንለው፣ ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኘው ሣጥን፣ ብዙ ሲሆን ከመሃላቸው አንድ አለቃ ይመርጣሉ፤ መንገዱ ሁሉ በእሱ በኩል ይቀየሳል። የሚያሸንፈው ትንሹን የቅድሚያ ቁጥር የያዘው ነው። ባለሙያው ቁጥሩን ካልወሰነ ሁሉም እኩል ይሆኑና በፋብሪካ መለያቸው ይዳኛሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አሮጌው ይመረጣል። ለምዝገባው ተብሎ የመጣውን ትልቁን ስዊች የሰቀልኩት እኔ፣ ያውም ቁጥሩን ሳልነካ!

አለቃውን ሳፈላልግ ዕቃ ቤት ተገኘ፤ ከካርቶን ጀርባ አቧራ የለበሰ አሮጌ ሣጥን። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት ጋሼ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ሰው ናቸው። ለምሳ ሲወጡ የክፍሉን መብራት ከዋናው ማጥፊያ ያጠፋሉ፤ ሣጥኑም አብሮ ይጠፋል።

"በፊርማዬ የተረከብኩት ንብረት ነው፤ ቢቃጠል ማን ይጠየቃል?" አሉኝ ለምን እንደሚያጠፉ ስጠይቃቸው።

አለቃው በጠፋ ቁጥር ስዊቾቹ ሥራ አቁመው ወደ አዲስ ምርጫ ይገባሉ፤ ጋሼ ተመልሰው ሲያበሩት ደግሞ እንደገና። ወዲያው ትልቁ ስዊች ላይ ትንሹን ቁጥር በእጄ ሞላሁ። ጋሼንም "ነገ እንደ ልማድዎ ያጥፉ" አልኳቸው።

በማግስቱ ኃላፊዬን ምዝገባው ክፍል አቁሜ ጠበቅኩ። ጋሼ አጥፍተው መጡ። አንድም ቅጽ አልጠፋም! እልል ማለት ነው የቀረኝ።

ምክንያቱን ሳስረዳው ኃላፊዬ ፊቱን ወደ ጋሼ አዞረ። "ለካስ እርስዎ ኖረዋል! በደብዳቤ ነው የምጠይቅዎት።"

ጋሼ አመዳቸው ቡን አለ። እኔ ደሜ ፈላ።

"እሳቸው ንብረታቸውን ነው የጠበቁት። ቁጥሩን መወሰን የኔ ሥራ ነበር፣ አልወሰንኩም። ጥፋቱ የኔ ነው!"

"በጽሑፍ ትሰጪኛለሽ?"

"አሁኑኑ!"

እዚያው ቆሜ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ቋሚነቴ በዚያች ወረቀት ሊቀር እንደሚችል አላጣሁትም። በኋላ ጸደቀልኝ፤ ያን ዕለት ግን ማንም አያውቅም ነበር።

ጋሼ ተከትለውኝ ወጡና እጄን ያዙ። "የኔ ልጅ፣ ዕድሜ ልኬን ሰው ሁሉ እኔን ሲያስፈርም ኖረ" አሉኝ። "ለእኔ ብሎ ሲፈርም ያየሁት አንቺን ነው።"