ለበላቸው የማይፈጭ ወፍጮ

የትነበርሽን የሚያውቃት ሁሉ የሚያውቃት በኃይለኝነቷ ነው። ጎንደር ከተማ ታሪክ ስታስተምር ኖራ ጡረታ ከወጣች ወዲህ እንኳ አልለዘበችም፤ እንዲያውም ባሰባት። ፀዳ ከሚገኘው ቤቷ ወጥታ ታክሲ ስትሳፈር ረዳቱ "ማዘር፣ ጠጋ በይ" ካላት፣ ተሳፋሪው በሙሉ ስለ መብት ተምሮ ነው የሚወርድ።

በተለይ የመንግሥታት ማኅበርን ስታስተምር ጠመኔ ትሰብር ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገሮች ተሰብስበው "ከእንግዲህ ጠባችንን በሽምግልና እንጨርሳለን" ብለው ያቋቋሙት ማኅበር ነው። መጽሐፉ "ማኅበሩ ከሸፈ" ብሎ ያልፈዋል። እሷ ግን አታልፈውም። "ፊንላንድና ስዊድን በደሴት ሲጣሉ ማን አስማማቸው? በ1918 ዓ.ም. ግሪክ ቡልጋሪያን ስትወር 'ውጪ' ብሎ ያስወጣ፣ ካሳ ያስከፈለ ማን ነው? ሲፈልጉማ ይችሉ ነበር!" ትላለች። ከዚያ ወደ እኛ ትመጣለች። ኢጣሊያ ስትወረን ማኅበሩ ማዕቀብ ጣለ። ብዙ ነገር እንዳይሸጥላት ከለከለ፤ ነዳጅን ግን ተወው። "ታንኩ በምን ሊሄድ ኖሯል? በጸሎት?" ስትል ጠመኔው የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ይህች ሴት እህት አለቻት። አበቡ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ማዶ በምትገኝ መንደር አንዲት ማሳ ይዛ የምትኖር ጭምት ሴት ናት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ፣ ጎረቤቷ በላቸው የወሰኑን ድንጋይ ነቅሎ ወደ እሷ ማሳ ገፋው። በኅዳር ደግሞ የዘራችውን ባቄላ አጭዶ ከጎተራው ከተተ። ጠመንጃውን ከትከሻው የማያወርድ ሰው ስለሆነ ፊት ለፊት የተናገረው አልነበረም። ያቺ ማሳ ከሄደች አበቡ ጓዟን ጠቅልላ ከተማ ገብታ የሰው ልብስ ከማጠብ ሌላ ዕጣ የላትም።

የመንደሩ ሽማግሌዎች ገሠጹት፤ እንቢ አለ። መንደሩ አገለለው። ደቦ አይጠሩትም፣ ሰንበቴ ላይ አይቀበሉትም፣ ሰላምታም ከለከሉት። እሱ እቴ! እንዲያውም ከሰላምታ አረፍኩ ብሎ ወፈረ። የሰለቻቸው ሽማግሌዎች በመጨረሻ ለአበቡ "ግማሹን ስጪውና እረፊ፤ ነገ እንጨርሰው" አሏት። አበቡ ለእህቷ ደወለች። የትነበርሽ በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ደረሰች።

ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጠዋል። እሷም ማንም ሳይጋብዛት አንዱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

"ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ሊሆንብን ነው" አሉ የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ምንይችል። ክፉ ሰው አይደሉም። በመንደሩ ያለችው አንዲት ወፍጮ የሳቸው ናት።

"ግማሹን ስጪ ማለት ምን ማለት ነው?" አለች የትነበርሽ። "እኛንም በሃያ ስምንት ዓመተ ምሕረት እንግሊዝና ፈረንሳይ በስውር ተማክረው 'አገራችሁን ቆርሳችሁ ለኢጣሊያ ስጧትና ይብቃት' ሊሉን ነበር። ደግሞስ በላቸውን አግልለነዋል ትላላችሁ። እህሉን የሚፈጭለት ማን ነው?"

ሁሉም የአያ ምንይችልን ፊት ላለማየት መሬት መሬቱን አዩ።

"ምነው፣ እኔ ብከለክለው አምባ ጊዮርጊስ ወስዶ ያስፈጭ የለ?" አሉ አያ ምንይችል ተቆጥተው። "እኔ ደንበኛ አጣሁ እንጂ እሱ ምን ሆነ?"

"ነዳጅ ያልከለከሉትም 'እኛ ብንተወው ሌላው ይሸጥላታል' ነበር ያሉት። አምባ ጊዮርጊስ ይሂድ፣ አያ ምንይችል! በአንቱ ወፍጮ የተፈጨ እንጀራ በልቶ ግን የእህቴን መሬት አይረስ።"

አያ ምንይችል ተነሥተው ሄዱ። የትነበርሽ ክፉኛ አዘነች፤ አበላሸሁት ብላ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ጠዋት ግን የበላቸው ሚስት ፋሲካ እህል የጫነች አህያዋን እየነዳች ከወፍጮ ቤቱ ስትመለስ አየቻት። ጆንያው እንደ ታሰረ ነው፤ አያ ምንይችል አልፈጩላትም።

ደስ ሊላት ሲገባ ልቧ ተወጋ። መሬቱን የነጠቀው ባልየው፣ የአምባ ጊዮርጊስን ዳገት የምትወጣው ፋሲካ! ይህን በክፍል ውስጥ አስተምራው አታውቅም ነበር።

"ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ፋሲካ" አለቻት።

"ይቅርታሽን ያዥው" አለች ፋሲካ። "እሱ ባሰፋው መሬት እኔ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ለምን እኳትናለሁ?" አህያዋን ነዳች፣ ደጃፍ ላይ ባሏ ፊት ጆንያውን አራገፈችና "መሬት ነጥቆ የበላ ራሱ ያስፈጭ!" ብላ ገባች።

በዚያ አገር ወንድ እህል ያመርታል እንጂ ወፍጮ ቤት አይሰለፍም። ወፍጮ የሴት ነው። በላቸው ዱቄቱ እስኪያልቅ ድረስ ፎከረ። ጾም ሲገባ ግን ሽሮውም አለቀ፤ ሚስትየዋ ንቅንቅ አላለችም። ጠመንጃውን እንዳነገተ አህያ ነድቶ አምባ ጊዮርጊስ ሄደ፤ ከሴቶች መሐል ተሰለፈ።

"አያ በላቸው፣ ሽሮው ልም ይሁን ሻካራ?" አለችው ከፊቱ የቆመች አንዷ።

አላወቀውም። ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ፤ ወሬው ከሱ ቀድሞ መንደር ገባ። በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቦ "ድንጋዩን እመልሳለሁ፤ ወፍጮውን ክፈቱልኝ" አለ።

ሽማግሌዎቹ ደስታቸው ወሰን አጣ። ሊመርቁ እጃቸውን ዘረጉ።

"ባቄላዬስ?" አለ አንድ ቀጭን ድምፅ። አበቡ ናት፤ በዚያ ጉባኤ ተናግራ አታውቅም።

"ተይ እንጂ አበቡ፣ ለሰላም ስትይ..." ጀመሩ አያ ምንይችል።

"ድንጋዩ ድሮም የኔ ነው፤ የኔኑ መልሶ ሊመረቅ ነው? ልፋቴን በልቷል። ባቄላዬ ደጄ እስኪደርስ ወፍጮው አይከፈትም!" አለች። ዓይኗን ከበላቸው ላይ አላነሣችም።

የትነበርሽ እንባዋ መጣ። አያ ምንይችል የዘረጉትን እጅ ቀስ ብለው አጠፉ።

"ሰምተሃል፣ በላቸው" አሉ።

በላቸው ዙሪያውን አየ። አንድም የሚያግዘው ፊት ሲያጣ፣ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ አብሮት ለመጣው ወንድ ልጁ ሰጠና ባቄላውን ሊጭን አህያውን ፍለጋ ሄደ።