የሦስት መቶ ሠላሳ ካሬ ዲግሪ

ጠሀ ነገርን ሁሉ የሚለካው በካሬ ነው። ሴራሚክ ማንጠፍ ከጀመረ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ መሪ እና ሲ.ኤም.ሲ ሰፈሮች ውስጥ ስንቱን መታጠቢያ ቤት እንዳነጠፈ እሱም ቆጥሮ አይጨርሰውም። የቤት ኪራይ ይሁን የልጅ ጫማ፣ ዋጋ ሲነገረው መጀመሪያ ለሦስት መቶ ያካፍለዋል፤ አንድ ካሬ አንጥፎ የሚያገኘው ሦስት መቶ ብር ነውና።

የእንግሊዝኛ ዲግሪንም ያሰላው እንዲሁ ነው። ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ በማታ ያስተምራል፤ ሦስት ዓመት ተኩል፣ ሙሉውን አንዴ ለከፈለ በቅናሽ ዘጠና ዘጠኝ ሺህ ብር። ሦስት መቶ ሠላሳ ካሬ። በቀን ስድስት ካሬ ቢሠራ ሃምሳ አምስት ቀን መንበርከክ ማለት ነው።

ጭንቁም ያለው እዚያው ጉልበቱ ላይ ነበር።

ሙያውን ያስተማሩት ጋሽ ሁሴን ገና ሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። መስጊድ ውስጥ ግን ምሰሶው ሥር፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሚሰግዱት። ሌላው ግንባሩን መሬት ሲያስነካ እሳቸው አንገታቸውን ብቻ ዘንበል ያደርጋሉ። ጠሀ ስንት ዓመት አጠገባቸው ሲሰግድ ወንበሯን ልብ ብሎ አያውቅም። ባለፈው ረመዳን ከሱጁድ ሲነሳ ግራ ጉልበቱ ያዘውና እጁ ሳያስበው የወንበሯን እግር ጨበጠ።  ሲወጡ ጋሽ ሁሴን ጫማቸውን እያጠለቁ፣

"እኔን የጀመረኝ በሠላሳ ስድስቴ ነው። አንተ ስንት ሞላህ?" አሉት።

ሠላሳ አራት ሞልቶታል። ከዚያን ቀን ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጉልበቱ ውስጥ ሲገባ፣ ከአልጋው ሳይወርድ እግሩን አጥፎ ዘርግቶ ይፈትሻል። ቀጭ ካለ ቀኑን ሙሉ ልቡ አይረጋም።

አስተማሪ ለመሆን ሲያስብ እንግሊዝኛን የመረጠው በሕልም ተወስዶ አይደለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲፈተን ከሁሉም የበለጠ ያመጣው በእሱ ነው፤ ሥራ ቦታም የማጣበቂያ ከረጢት ላይ የተጻፈውን አንብቦ የሚያስረዳው እሱ ስለሆነ "ፈረንጁ" ይሉታል። ሌላ የሚሸጠው ነገር ቢፈልግ አላገኘም።

ምክር የጠየቀው እትዬ ቀጸላን ነው። ሲ.ኤም.ሲ ያለውን ቤታቸውን ወለል ሲቀይርላቸው ሰንብቷል፤ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ወሬ አላሳመሩለትም። አዲስ መምህር በወር የሚያገኘው አሥራ አንድ ሺህ ቢሞላ ነው አሉት። ይህን ቤት የሠራውም የባለቤታቸው መጋዘን እንጂ የእሳቸው ጠመኔ እንዳልሆነ ነገሩት። ከሰዓት በኋላ ልጅ ማስጠናት ካልጨመረበት ደመወዙ ብቻውን ቤተሰብ አያሳድርም። ጠሀ በልቡ አካፈለው፤ የመምህር ወር የእሱ ስድስት ቀን ነው።

ሒሳቡን ለእህቱ ለኩልሱም ሲነግራት ሱቋ ውስጥ ስኳር እየመዘነች ነበር። መቶ ሺህ ብር እቁብ ደርሶታል፤ ዋስ ሆና የፈረመችለትም እሷ ናት። እሷ ጋ የተቀመጠው ገንዘብ የታሰበው ለሴራሚክ መቁረጫ ማሽን ነበር።

"የስድስት ቀን ገቢህን በወር ልታገኝ መቶ ሺህ ትከፍላለህ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። አንድ ሺው ለምንድነው የተረፈው፣ ለከረቫት?"

"ለታክሲ።"

"አስተማሪም እኮ ቀኑን ሙሉ ይቆማል፣ ጠሀ።"

"መቆም እችላለሁ" አላት። "መንበርከክ ነው የማልችለው።"

ኩልሱም ሚዛኑን ትታ አየችው። ከዚያ ወዲያ አልቀለደችም። ገንዘቡን ከሣጥን አውጥታ በፌስታል ጠቀለለችና ሰጠችው።

ቅናሹ የሚያበቃው በማግስቱ ነበር። የኮሌጁ መዝጋቢ አራተኛ ፎቅ ናት፤ ሊፍት የለም። ጠሀ የደረጃውን ብረት ይዞ ወጣ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ደረጃው ላይ ተቀመጠና፣ እንደ ልማዱ፣ አጠገቡ ያለውን ሴራሚክ በጣቱ አንጓ መታ መታ አደረገው። ሴራሚክ አንጣፊ ሥራውን ሲያስረክብ እያንዳንዱን ይመታል፤ ሥሩ ሲሚንቶ ያልሞላ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ይጮኻል። ይሄኛው ጮኸ። ቀጣዩም ጮኸ። ላዩ ሲታይ መስተዋት ነው።

 ከእነዚህ ሰዎች የሚገዛውን ነገር አንድ ጊዜም መትቶ አላየውም፤ ዋጋውን ብቻ ነው የጠየቀው።

መዝጋቢዋ ደረሰኙን አዘጋጅታ ትጠብቀው ነበር። ጠሀ ፌስታሉን ከብብቱ ሳያወጣ፣ የእንግሊዝኛው ትምህርት የመንግሥት እውቅና ፈቃድ የት እንዳለ ጠየቃት። በእስክሪብቶዋ ወደ ግድግዳው አመለከተችው። ተጠግቶ አነበበ። አካውንቲንግ አለ፣ ማኔጅመንት አለ፣ እንግሊዝኛ የለም።

"የሱ በሂደት ላይ ነው" አለችው። "እስክትመረቅ ያልቃል።"

"ካላለቀስ? መውጫ ፈተናውን ያስፈትኑኛል?"

"አሁን ነው እንዴ የምትፈተነው?" አለችና ሰዓቷን አየች። "ቅናሹ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል።"

ጠሀ ወጣ። ፌስታሉን እንደያዘ ደረጃውን ወረደ። ሦስት መቶ ሠላሳ ካሬ ለአንድ ወረቀት ሊሰጥ ነበር፤ ያንን ያህል መልሶ የሚያነጥፍ ጉልበት እንደሌለው ደግሞ ከማንም በላይ ያውቃል።

በማግስቱ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የማታ ክፍል ሄደ። ከመክፈሉ በፊት የሚጠይቀውን ሁሉ ጠየቀ፤ እንግሊዝኛው ከነፈቃዱ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ክፍያው በየሴሚስተሩ ነው። ዓመቱ ግን አምስት ነው። አምስት ሲባል ብዕሩን አስቀመጠ። ጋሽ ሁሴን በሠላሳ ስድስታቸው ነው የጀመራቸው፤ እሱ ሲመረቅ ሠላሳ ዘጠኝ ይሆናል፤ እስከዚያ ክፍያውን የሚችለው ይሄው ጉልበት ነው። ብዕሩን አንስቶ ፈረመ። የተረፈውን ብር ለኩልሱም መለሰላትና ከሣጥኑ እንዳታወጣው አደራ አላት።

ዓርብ ለጁምዓ መስጊድ ሲገባ ምሰሶው ሥር ሁለት ወንበር አየ። አንዱ ላይ ጋሽ ሁሴን ተቀምጠዋል፤ ሁለተኛው ባዶ ነው።

"ለማን ነው?" አላቸው።

"ይኑር ብዬ ነው" አሉት፣ ፊቱን ሳያዩ።

ጠሀ አልተቀመጠም። በሁለቱ ወንበሮች መካከል ቆመ፣ አጎነበሰ፣ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ አሳረፈ። ሊነሳ ሲል ጉልበቱ ቀጭ አለ፤ እጁም የባዶውን ወንበር እግር ፈልጎ ያዘ።